ጋሼ ወርቁን አልጭንም ያለው ጀልባ

እኔ የሚያናድደኝ ነገር አጥቼ አላውቅም። ኤግሊንተን ዌስት በሚሉት የተጨናነቀ መንገድ ላይ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ምን ያጣል? በዚህ ዊንተር ግን በገዛ ቬኬሽኔ ጨስኩላችሁ።

ባለቤቴ ሰላም፣ አጎቷን ጋሼ ወርቁን ይዘን ለአንድ ሳምንት ሜክሲኮ እንሂድ አለች። እሺ። እዚያ ስኖርክሊንግ የሚሉት ነገር አለ፤ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ዓሣ ማየት። ወደዚያ የሚወስደንን ጀልባ መምረጡ እኔ ላይ ወደቀ።

አንዱ የጀልባ ድርጅት ጋ ኮል አደረግሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ማር ናት። ስለ ምሳው፣ ስለ ሙዚቃው አወራችኝ። አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይጠብቃል ስላት፣ አይጨነቁ፣ ሁሉም ይዝናናል አለች። እኔ እሱን ጠየቅኋት? ከዚያ ዕድሜያችንን ጠየቀች። ጋሼ ስልሳ ስምንት ናቸው ስላት ድምጿ ተለወጠ። ከስልሳ አምስት በላይ አንጭንም!

ሰውዬው እኮ ጣና ዳር ነው ያደጉት! ሲዋኙ ነው የኖሩት። እኔን ደግሞ፣ ገንዳ ውስጥ ግድግዳ ይዤ የምቆመውን፣ መዋኘት ትችላለህ ወይ እንኳን ሳትለኝ በደስታ ልትመዘግበኝ! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ጋሼ አጠገቤ ነበሩ።

«ተወው ልጄ፣ እኔ ከዳር ሆኜ አያችኋለሁ» አሉ።

ይኼኔ ባሰብኝ። ምን ሲባል ከዳር!

ሌላ ጋ ደወልኩ። ያኛው ሰውዬ ዕድሜ አልጠየቀም፤ ማን ማን ይዋኛል አለ። ጋሼ ወርቁ አልኩ። አንተስ ሲለኝ፣ ጋሼ እየሰሙኝ፣ «እኔም በደንብ» ብዬ እርፍ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ። ተንሳፋፊ ሰደርያ አጥልቀን ከጀልባው ወረድን። ሰላም በረደኝ ብላ ጀልባው ላይ ቀረች። መጀመሪያ ላይ ምንም አልል። ከዚያ አንድ ማዕበል ቱቦዬን ሞላው። ጨው ዋጥኩ። ሰደርያው እንደማያሰምጠኝ ረሳሁና መንፈራገጥ ጀመርኩ። አስጎብኚው? ወዲያ ማዶ ለሰው ፎቶ ያነሳል! በቁጣ ልጠራው አፌን ብከፍት ሌላ ጨው ገባልኝ።

ከኋላ አንድ እጅ ሰደርያዬን ጨምድዶ ያዘ።

«አትንፈራገጥ! በጀርባህ ተኛ!»

ጋሼ ናቸው። እንደ ጆንያ እየጎተቱ መሰላሉ ጋ አደረሱኝ።

ጀልባው ላይ ሳል ሲተወኝ፣ አስጎብኚውን ስረግመው ቆየሁ። ጋሼ ፊታቸውን ያደርቃሉ። ኀፍረቴን ልሸፍን ብዬ፣

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ዓሣዎቹን አዩዋቸው?» አልኳቸው።

«የምን ዓሣ?» ብለው አፈጠጡብኝ። «ከገባን ጀምሮ ያየሁት ያንተን እግር ነው!»