የእትዬ ፕሮፌሰር ደም

በየሕንጻው አንድ ሕክምና ያልተማረ ሐኪም አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ሊሽረው አይችልም። የእኛ ሕንጻ ሐኪም ምድር ቤት ያሉት ልብስ ሰፊ፣ እትዬ ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን እኛ ተከራዮቹ ለቀልድ ብንሰጣቸው እሳቸው ከምራቸው ተቀበሉት።

ልዩ ሙያቸው ደም ነው። ያ ትንፋሽ የሚያሳጥር ጉንፋን ከተማውን ማዳረስ የጀመረ ሰሞን፣ የደም ዓይነቱ ኤ የሆነ ሰው ይጠናበታል፣ ኦ የሆነ ይቀለዋል የሚል ነገር ስልካቸው ላይ አነበቡ። እስከ መጨረሻው ያንብቡት አያንብቡት አላውቅም። በማግስቱ ግን «እንደምን አደርክ» ቀርቶ ሰላምታቸው «ደምህ ምንድን ነው?» ሆነ።

ሱሪ ላሳጥር ብሎ የገባ ሁሉ ወገቡን ተለክቶ፣ ደሙን ተናዞ ይወጣል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጨርቁ ላይ በጠመኔ ይጽፉታል። የሦስተኛ ፎቁ የሒሳብ አስተማሪ የሱሪው መቀመጫ ላይ ትልቅ «ቢ» ተጽፎበት፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲያስተምር ዋለ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ባልና ሚስት ደግሞ፣ እሱ ኤ እሷ ቢ ናቸውና፣ ራስና እግር ሆነው እንዲተኙ አዘዙ። ባልየው ስለሚያንኮራፋ ሚስትየዋ ትእዛዙን በደስታ ተቀበለች።

እኔ ኤ ነኝ። የነገርኳቸው ዕለት መርፌያቸውን አስቀምጠው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። የራሳቸውንም ሳልጠይቅ ነገሩኝ፦ «እኔ ኦ ነኝ፤ እኔን አይደፍረኝም።»

አልቀረልኝም፣ ያዘኝ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ትኩሳቱ ከአልጋ ጋር አጣበቀኝ፤ ትንፋሽ እያጠረኝ ሄደ። ጎረቤቱ በሬ ጋ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥን ጀመር፤ አልፈርድበትም። ለእነሱ ብዬ እኔም ቆልፌ ተኝቻለሁ። የመጡት እትዬ ፕሮፌሰር ብቻ ናቸው፤ ከገበር ጨርቅ የሰፉትን ጭምብል አድርገው፣ ሾርባ ይዘው። ይመለሱ ብዬ ከውስጥ ብለምን እሳቸው ኦ መሆናቸውን፣ ደጃፌ ላይ መቆሙም እግራቸውን እንዳደከመው አስታወሱኝ። ከፈትኩ። ሾርባውን አጠጡኝ፣ አንሶላዬን ቀየሩ፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ በዚያውም የመጋረጃዬ ስፌት ጠማማ እንደሆነ ነገሩኝ። እስክድን ድረስ አንድም ቀን አልቀሩም።

እኔ ስነሳ እሳቸው ወደቁ። ሳል እያጣደፋቸው ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነርሷ ደም ልትቀዳ ስትል ዓይነቱን ያውቁት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ወደ እኔ ሰረቅ አድርገው አዩና በዝቅተኛ ድምፅ «ኤ» አሉ።

«እትዬ፣ ኦ ነኝ አላሉኝም?»

«ኤ ነኝ ብልህ ትከፍትልኝ ነበር?»

 ነርሷ ጣልቃ ገብታ፣ ነገሩ ገና ያልለየለት ክርክር ነው፤ ልዩነት ቢኖረው እንኳ ትንሽ ነው፤ በደሙ ተማምኖ በሽተኛ ጋ የሚገባ ሰው መኖር የለበትም አለች። ልክ ነበረች። እትዬ ፕሮፌሰር ግን የሚያምኑት ስልካቸውን ነው። ኤ ይጠናበታል የሚለውን ከልባቸው እያመኑ ነው በየቀኑ ወደ እኔ ደረጃውን የወጡት። ይህን ሳስብ እዚያው ነርሷ ፊት እንባዬ መጣ።

ክፉኛ ታመሙ። ሰነበቱና ቀስ በቀስ ቀና አሉ፤ ሾርባ የማፍላቱ ተራ የእኔ ነበር፤ ጨው እንደማላውቅ በየቀኑ ይነግሩኛል። ወደ ስፌት መኪናቸው በተመለሱበት ቀን፣ አስቀርጬ ያመጣሁትን ቁልፍ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«የምን ቁልፍ ነው?» አሉ።

«የቤቴ። ሌላ ጊዜ ካመመኝ መዋሸት ሳያስፈልግዎት እንዲገቡ ነው።»

 ቁልፉን መቀሳቸው ካለበት መሳቢያ ከተቱና፣ ፊታቸውን ከእኔ አዙረው መኪናውን ይረግጡት ጀመር። ክር አላስገቡበትም ነበር።