የአያ ሙላት ጀርባ

ፎቶ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እንደ አያ ሙላት ያለ ግን አልገጠማችሁም። ወረታ ላይ ካሜራ ካዩ ነጠላቸውን አስተካክለው ከማያውቁት ሰው ጎን የሚቆሙ ሰው ናቸው።

አምና በጥር የአክስቴ ልጅ ስትዳር ፎቶ አንሺ ከጎንደር መጣ። ሙሽራዋ ፊቷ እስከ አገጯ በኩታ ተሸፍኖ ዳስ ውስጥ ተቀምጣለች። ዳሱ ደግሞ ከመጨለሙ የተነሣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው በሳሉ ካልሆነ አትለዩትም።

"ወደ ፀሐይ አውጧት" አለ ፎቶ አንሺው።

"ቡዳ እንዲበላት ነው?" ብለው ሚዜዎቹ ጮኹበት።

አያ ሙላት የዳሱን ጣሪያ በዱላቸው ነደሉት። ብርሃን ሲገባ ከሙሽራዋ ጎን ተገትረው ቆሙ። አክስቴ ግን አለቀሰች።

"ልጄ ነገ ከይፋግ ወዲያ ልትሄድብኝ ነው። የኩታ ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ፊቷን ልይበት እንጂ!"

ያ ሁሉ ዓይን እያለ ማን ይግለጣት? እኔ "ግለጧት!" ብል፣ "አንቺን ደግሞ ትምህርት ቤቱ አሳበደሽ" ተባልኩ።

አያ ሙላት ትንሽ አሰቡ።

"በሉ ሁላችሁም ጀርባችሁን ስጧት! ያየ ዓይኑ ይፍሰስ!" አሉ። ወደ ፎቶ አንሺውም ዞረው "ያንተስ ዓይን?" አሉት።

"በዚህ የሣጥን ካሜራ የማያት ራሷ ወደ ታች ተዘቅዝቃ ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያ ያንተ ዓይን ምንም አያደርጋትም።"

ቄሱ ሳይቀሩ ዞሩ። አያ ሙላትም ካሜራውን አንዴ በስስት አይተው ዞሩ። አክስቴ ኩታውን ገለጠች።

ፎቶው ዛሬ አክስቴ ቤት ተሰቅሏል። ፊቷ የሚታየው ሙሽራዋ ብቻ ነች። አያ ሙላት እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጎኗ ያለውን ሰፊ ጀርባ በጣታቸው እየነኩ "ይኸ እኔ ነኝ" ይላሉ። ማን ይከራከራቸዋል?