ባለ ጭራዋ ክብ

ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወር በገባ በ14ኛው ቀን፣ ከቀኑ 7፡40

ቦታ፦ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የመሣሪያ ማስቀመጫ ክፍል (የስብሰባው ክፍል ቁልፍ ስለጠፋ)

ዓላማ፦ ለአንጋፋው የሙዚቃ ደራሲ የሠላሳ ዓመት ሥራ መታሰቢያ በሚታተመው መጽሔት ላይ ለመወሰን

የተገኙ አባላት፦
1. ሰብሳቢ (የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ)
2. አንጋፋው፣ እንደ ተከባሪ
3. አንጋፋው፣ እንደ አባል
4. የአንጋፋው እህት (የመጽሔቱ አዘጋጅ)
5. የቼሎ ተጫዋቹ

ጸሐፊ፦ የአንጋፋው የቀድሞ ተማሪና ኖታ ገልባጭ (ድምፅ የላትም)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ለመወሰን አምስት አባላት ያስፈልጋሉ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት አባላት አራት ናቸው። ሰብሳቢው፣ አንጋፋው በሁለት ኃላፊነት ስለመጡ ሁለት ተብለው እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቀረቡ። የቼሎ ተጫዋቹ «እንግዲያው ሁለት ወንበር ይሰጣቸዋ!» አሉ። ተሰጣቸው። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ የአንጋፋው የሕይወት ታሪክ

እህታቸው ያዘጋጁትን ጽሑፍ አነበቡ። ጽሑፉ አንጋፋው ሙዚቃ መድረስ የጀመሩት በእናታቸው ማህፀን ውስጥ መሆኑን ይገልጻል። የቼሎ ተጫዋቹ በምን መሣሪያ እንደነበር እንዲብራራላቸው ጠየቁ። እህታቸው «እኔም ከእሱ በኋላ እዚያው ኖሬያለሁ፤ ድምፅ ጥሩ ይሰማል» ሲሉ አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ በሰባት ዓመታቸው እንደጀመሩ ተደርጎ እንዲስተካከል፣ ማህፀኑም በግርጌ ማስታወሻ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ከአንጋፋው ጋር የሠሩ ባለሙያዎች

በዝርዝሩ ላይ ፒያኖ ቃኚያቸው ያለ ክርክር ጸደቁ። የመዝሙሮቻቸው ገጣሚ «ስሜን ከእሱ ስም ጋር በአንድ ገጽ እንዳላየው» የሚል ደብዳቤ ስለላኩ በሚቀጥለው ገጽ እንዲሰፍሩ ተወሰነ። አንጋፋው የጥርስ ሐኪማቸው እንዲጨመሩ ጠየቁ፤ በቅዳሜው ኮንሰርት የሚቀርበው የአዲሱ ሲምፎኒያቸው ሁለተኛ ክፍል የተወለደው ከሐኪሙ መሰርሰሪያ ድምፅ ነው። በጭብጨባ ተጨመሩ።

የቼሎ ተጫዋቹ እጃቸውን አውጥተው፣ የዚሁ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው የጸሐፊዋ ድርሰት መሆኑን ኦርኬስትራው በሙሉ እንደሚያውቅ፣ ስትጽፈውም የእሳቸውን ቼሎ እየተዋሰች ትሞክረው እንደነበር ተናገሩ። አንጋፋው «እሷማ ልጄ ናት፤ ኖታ ትገለብጥልኛለች። እጇ ሲያምር!» አሉ። የቼሎ ተጫዋቹ የተገለበጠው ኖታ ዋናው ይታይ አሉ። አንጋፋው ዋናው ጭንቅላታቸው ውስጥ መሆኑን ገለጹ።

ጸሐፊዋ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው «አንቺ ጻፊ! የጸሐፊ ሥራ መጻፍ ነው» አሉ። ጸሐፊዋ ይህንኑ ጻፈች። ከረጅም ውይይት በኋላ «ጸሐፊዋ በዚህ ስብሰባ ላይ አስተያየት መስጠትም ሆነ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ መስጠት አትችልም» ተብሎ በአራት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ከቀኑ 8፡30 ላይ የኦርኬስትራው ኮንዳክተር በር ሳያንኳኩ ገቡ። በአጠገቡ ባለው አዳራሽ የሚካሄደው የሲምፎኒው ልምምድ መቆሙን ተናገሩ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሠላሳ አንድ ቦታ አንዲት ትንሽ ባለ ጭራ ክብ ተስላለች፤ ከሥሯ አንድም ኖታ የለም፤ በየትኛውም መጽሐፍ አይተዋት አያውቁም። «ጥሩምባዎቹ ጮክ በሉ ማለት ነው ይላሉ፤ ቫዮሊኖቹ ዝም በሉ ማለት ነው ይላሉ፤ ከበሮ መቺው ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል» አሉ።

አንጋፋው «ስሜት ናት» ሲሉ መለሱ። ኮንዳክተሩ ፈጣን ስሜት ናት ወይስ ዝግተኛ ብለው ጠየቁ። አንጋፋው «መካከለኛ» አሉ። ያንን ቦታ እንዲያዜሙት ተለመኑ፤ አዜሙ። የቼሎ ተጫዋቹ፣ የተዜመው የጥርስ ሐኪሙ ክፍል መሆኑን በአክብሮት አመለከቱ።

በዚህ ጊዜ ሁሉም ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። ኮንዳክተሩ «እህቴ፣ ምንድን ናት?» አሉ። ጸሐፊዋ በአጀንዳ 2 ውሳኔ መሠረት አልመለሰችም። ሰብሳቢው እንድትመልስ አዘዙ። ጸሐፊዋ ውሳኔው የሰፈረበትን ገጽ ከፍ አድርጋ አሳየች። ሰብሳቢው «አንቺ ልጅ፣ እያሾፍሽብን ነው?» አሉ። ይህም ጥያቄ ስለሆነ አልተመለሰም። የአንጋፋው እህት «የኔ እናት፣ እባክሽ! ቅዳሜ እኮ ኮንሰርት ነው» አሉ። ይህ ጥያቄ ባይሆንም ጸሐፊዋ ለጥንቃቄ ዝም አለች።

አንጋፋው «ኧረ ትናገር! እኔ ከየት አውቄ!» አሉ። ወዲያውም ይህ ንግግር እንዳይመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል።

የቼሎ ተጫዋቹ፣ በጸሐፊዋ ላይ የተጣለው እገዳ እንዲነሣና በመጽሔቱ ላይ የሦስተኛው ክፍል ደራሲ ሆና ስሟ እንዲታተም ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ሁለቱ ለየብቻ ይታዩ አሉ። ኮንዳክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። አንድ ላይ ታዩ። የቼሎ ተጫዋቹ ደገፉ። እህታቸው «ለቅዳሜ ስል» ብለው ደገፉ። ሰብሳቢው ተቃወሙ። አንጋፋው በመጀመሪያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ተቃወሙ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ወንበር ተዛወሩ፤ ደገፉ። ሐሳቡ በሦስት ድምፅ ለሁለት ጸደቀ።

ጸሐፊዋ አስረዳች፦ ክቧ ላይ ማንም አይጫወትም። ሁሉም ተጫዋች አብሮ አየር ይስባል፤ ጭራዋ ላይ ሲደርስ አብሮ ይተነፍሳል፤ አዳራሹ እስኪሰማው። ኮንዳክተሩ «በቃ? ይኸው ነው?» አሉ። «ይኸው ነው» አለች። ኮንዳክተሩና የቼሎ ተጫዋቹ ወደ ልምምድ ሮጡ። አንጋፋውም ሊሰሙ ሁለቱንም ወንበር ትተው ተከተሏቸው።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

በክፍሉ ውስጥ የቀሩት አባላት ሰብሳቢውና የአንጋፋው እህት ናቸው። ሰብሳቢው «እንግዲህ የክቧ ትርጉም ታውቋል» አሉ። ከአጭር ውይይት በኋላ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ የጸሐፊዋ ስም እንዳይታተም፣ ይህ ቃለ ጉባኤም እንደ አዲስ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ውሳኔው እንዳለ ሰፍሯል። ውሳኔውን ያሳለፉት አባላት ብዛት፦ ሁለት። ለመወሰን የሚያስፈልገው፦ አምስት። ባዶዎቹ ወንበሮች አልተቆጠሩም።

ስብሰባው ከቀኑ 9፡15 ላይ ተበተነ። በዚያው ደቂቃ ከግድግዳው ማዶ ስድሳ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ ተሰምቷል።

ቃለ ጉባኤውን የያዘችው፦ (ፊርማ)
የሦስተኛው ክፍል ደራሲ