የጋሽ ደምሰው ሰባት እርምጃ

ጋሽ ደምሰው ትናንት ከምሳ በኋላ ቢሮ ወንበራቸው ላይ ሸለብ አደረጋቸውና ያዩት ሕልም፣ እግዚኦ፣ የጤና አልነበረም።

በከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሊወጡ ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸዋል። የሰፈሩን ውሃ በሙሉ የሚዘጋው ትልቁ ቫልቭ አስፋልት ሥር የት እንደተቀበረ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ወረቀት ላይ የለም። ወጣቷ ኢንጂነር ሩሐማ ካርታዋን ይዛ ስንቴ ለመነቻቸው! «ነገ» ይሏታል። ቢነግሯትማ ማን በኮንትራት ያስቀጥላቸዋል? ቤት መዋልን እንደሆነ እንደ ሞት ነው የሚፈሩት።

በሕልማቸው ቢሮ ሲደርሱ ሁሉ ነገር ተገልብጧል። ሠራተኞቹ ጀሪካን ይዘው በየነዋሪው በር ተሰልፈዋል። ውሃ የሚሄደው ከየቤቱ ወደ ቢሮ ነው። አንዲት እናት በመስኮት ብቅ ብለው «ዛሬ ሲስተም የለም» አሉና መስኮቱን ጠረቀሙት።

ጋሽ ደምሰው ወደ ውስጥ ገቡ። ሩሐማ ከዘራ ይዛ የሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ አንድ የእርጅና መስመር የለም፤ ሰዉ ግን «እማማ» እያለ ጉልበቷን ይስማል። እሳቸው ደግሞ ሽበታቸውን እንደያዙ ቁምጣ ለብሰዋል።

«አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ሠላሳ አራት፣ እማማ።»

«ውይ፣ አንጀቴን በላኸው! ገና ምኑንም አታውቅማ!»

ይህን ስትል በሩ ተንኳኳ። ጭቃ የለበሰ፣ ዝገት የበላው ቫልቭ ማመልከቻ ይዞ ገባ።

«የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው ይፈለግልኝ» አለ።

«እኔ አውቃለሁ!» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ከሾላው ዛፍ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሰባት እርምጃ!»

«በማን እርምጃ?»

«በእኔ ነዋ!»

ቫልቩ ቁምጣቸውን አየና ሳቀባቸው።

እየሮጡ ወጡ። ውሃው ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል። ቤቶቹ ተንሳፍፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ጣሪያ ላይ ቆመው «ኧረ ደምሰው፣ ዝጋልን! ምን ትጠብቃለህ?» ይላሉ። ጋሽ ደምሰው ከሾላው ተነስተው መቁጠር ጀመሩ። ሾላው ግን ሰባት በረገጡ ቁጥር ሥሩን ሰብስቦ ሰባት እርምጃ ይሸሻል። ደጋግመው ቆጠሩ፤ ምን ዋጋ አለው! የወይዘሮ አሰገደች ጣሪያ ወደ ደመናው ተጠጋ። ያኔ መንገደኛውን ተጣሩ።

«ሰዎች፣ ልንገራችሁ! አንድ ሰው ይጻፍልኝ!»

መንገደኛው ሁሉ እያለፈ «ነገ» ይላቸዋል። ሩሐማም መሬቱን በከዘራዋ እየመታች አለፈች። «ነገ፣ ልጄ።»

«ከሾላው!» ብለው እየጮሁ ባነኑ።

ሩሐማ፣ የእውነቷ ሩሐማ፣ ፊታቸው ቆማለች። «ጋሼ፣ ምነው? ደህና ነዎት?»

ላብ አጥምቋቸዋል። እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙ። «ካርታሽን አምጪ፣ ልጄ። አሁኑኑ። ቫልቩን ላሳይሽ። እስከዛሬ የበደልኩሽ ይበቃል።»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ! ቆይ ግን፣ መጀመሪያ ምሥራች! የኮንትራት ደብዳቤዎ ወጣ። ሦስት ዓመት! ሥራ አስኪያጁ 'ቫልቩን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም' ብለው ነው የፈረሙት።»

ጋሽ ደምሰው ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡ። ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ደስታው እስከ ጆሯቸው ድረስ አቀላቸው። ሩሐማ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እርሳሷን አነሳች።

«እሺ ጋሼ፣ ከየት እንጀምር?»

ካርታውን ትኩር ብለው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

«ይሄ ሰፈር እኮ» አሉ፣ «አሁን አሁን ተለዋወጠብኝ፣ ልጄ።»