እንባ በብልቃጥ

ዓይኑን በሌዘር ሊታከም ያሰበ ሰው ሐኪሙን የሚጠይቀው አያጣም። ያማል ወይ? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መሀል ላይ ቢያስነጥሰኝስ? ሐኪሙ እንደኔው ሐኪም ትዕግሥተኛ ከሆነ አንድ በአንድ ይመልስላችኋል። አያምም፤ ጫማ ከማስጠረግ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል፤ ብታስነጥሱም ማሽኑ ራሱ ቀጥ ይላል። እኔ ግን ዋናው ጥያቄ የሚቀርበው ለሐኪም ሳይሆን ለዘመድ ነው እላለሁ። በአገር ቤት የታመመ ሽማግሌ አለ ወይ? ካለ ይቆያችሁ።

ደርሶብኝ ነው። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በመነጽር ኖሬአለሁ። መነጽሬ ከመወፈሩ የተነሣ ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም አለ፤ አልነግራችሁም። ጥር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ ገባሁና ተሠራሁ። ስወጣ ነርሷ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አስጨበጠችኝ። ዓይኔ ለጊዜው እንባ ስለሚያንሰው በየሰዓቱ ጠብ የማደርገው ሰው ሠራሽ እንባ ነው አለች። ከዚያ ትእዛዙን አወረደችው፦ ዓይንዎን አይሹ፣ ውሃ አያስነኩ፣ ከአቧራ ይጠንቀቁ፣ ጠብታውን ለሌላ ሰው አያውሱ። እንባ ደግሞ ማን ይዋሳል ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ገና ማርቆስ ከመመለሴ፣ ስልክ ተደወለ። በተወለድኩባት ደብረ ወርቅ የኔታ ዐርፈው ነበር።

የኔታ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህር ናቸው። አባቴ «ይህ ልጅ አይገባውም፤ እርሻ ይያዝ» ሲል፣ «ዓይኑ ነው እንጂ ልቡስ ደኅና ነው» ብለው ከጎናቸው ያስቀመጡኝ እርሳቸው። አባቴን ነዝንዘው፣ ነዝንዘው፣ ማርቆስ አስወስደው የመጀመሪያውን መነጽር ያስገዙልኝም እርሳቸው። ያለ የኔታ ዛሬ አራሽ ነበርኩ፤ ያውም ፈሩ የጠመመ። እወዳቸው ነበር። ለፋሲካ ሄጄ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ያለ መነጽር ላነብላቸው አስቤ ነበር።

ነርሷ ስለ አቧራ ያለችውን አልረሳሁም። ግን እኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የራሱን ቀብር ማን እንደሚደርስለት ይታወቃል፤ ማንም አይደርስለትም። ጥቁር መነጽሬን አድርጌ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ቀብሩ አመለጠኝ፤ ለሠልስቱ ደረስኩ።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከደጅ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል፤ ድንኳን ውስጥ ያለውም ተነሥቶ ያለቅስለታል። «አባቴ! አባቴ!» እያልኩ ገባሁ። ድምፁ መጣ፤ እንባው አልመጣም። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስል ይቆረቁረኛል፤ በጋቢዬ ጫፍ እንዳላሽ ደግሞ ተከልክያለሁ። በጥቁር መነጽር፣ በደረቅ ጉንጭ እየጮኽኩ ቆምኩ። በዚህ ላይ የጠብታው ሰዓት ደረሰ። ከድንኳኑ ጀርባ ዞር ብዬ፣ አንጋጥጬ፣ ለየዓይኔ ሁለት ሁለት ጠብ አደረግሁ።

አንገቴን ስመልስ አያ ሞላ ቆሟል። አያ ሞላ የየኔታ የአጎት ልጅ ነው፤ ያየውን ሳይናገር ያደረበት ቀን የለም። ብልቃጡን አየ። ርጥብ ጉንጬን አየ።

«እንባውን ከከተማ ይዘህ መጣህ?»

«የሐኪም ነው አያ ሞላ፤ ዓይኔን ተሠርቼ...»

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለና ወደ ድንኳኑ ገባ።

ይህን የተረተው ሰው ሌዘር አልተሠራም።

ተከትዬው ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። ጠጋ ብሎ ቦታ የሰጠኝ የለም። አፈርኩ። ማፈሩስ ይሁን፤ የኔታን እንዳልወደድኳቸው መቆጠሩ ግን አንጀቴን አሳረረው።

የየኔታ ባለቤት እማማ ጥሩነሽ ከጥግ በእጃቸው ጠሩኝ። ተግሣጽ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«የዓይን ውሃ ይዘሃል አሉኝ» አሉ በሹክሹክታ።

«አዎ እማማ፤ ግን እኔ...»

«የኔ ዛሬ ሦስት ቀኑ፣ ነጥፏል ልጄ። ሰዉ ደግሞ እየመጣ ነው። እስቲ ጠብ አድርግልኝ።»

ከደጅ የአዲስ ለቅሶኞች ጩኸት ይሰማል። የነርሷ ትእዛዝ ትዝ አለኝ፤ ትዝ እያለኝም ነጠላቸውን ከለል አድርጌ ጠብ አደረግሁላቸው። አንዱ ጠብታ ስቶ ጉንጫቸው ላይ ወደቀ። ከየኔታ ጋር በአንድ ጎጆ ያረጁ ሴት ናቸው። ክንዴን ይዘው ተነሡና እንግዶቹን «ሄዱብኝ! ሄዱብኝ!» እያሉ ተቀበሉ። ስለ እንባቸው ተረት የተረተባቸው የለም።

ያን ጊዜ ጉንጬ ላይ ትኩስ ነገር ወረደ። ብልቃጡን አየሁት፤ ክዳኑ ተከድኗል። ይወርዳል፤ ሌላም ይከተላል።

እንዲያይልኝ አያ ሞላን በዓይኔ ፈለግሁት። ምሳ ሊበላ ሄዷል አሉኝ።