የሰንበት ተመራማሪው

በዕብራይስጥና በአይሁድ ጥናት ዶክትሬቱን የሚሠራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሐይቅ ከተማ አንድ አለን፤ የአክስቴ ልጅ ነው። የሚያጠናው ስለ ሰንበት ዕረፍት ነው። ትጋቱ ያስፈራል! ቅዳሜ ለጥናቱ ያርፋል፤ እሑድ ክርስቲያን ነውና ያርፋል፤ ዓርብ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ክብር ያርፋል። በቀሩት ቀናት ስላረፈው ዕረፍት ያስባል።

ሰሞኑን ሰማዩ ሲጠቁር፣ ዝናብ ሳይቀድመን የአክስቴን ጤፍ ልናጭድ ደቦ ወጣን። እሱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ በሰንበት ማጭድ መያዝ ለምን እንደሚከለከል ያብራራል።

«ወላሂ ዛሬ ማክሰኞ ነው!» አለው ጎረቤታችን ሰይድ።

«ጥናት ቀን አይመርጥም።»

አሳምኖን ይሁን ደክሞን እንጃ፣ ሁላችንም አጠገቡ አረፍን። ጤፉን ዝናብ መታው።

ማታ አክስቴ እንጀራውን እንደያዘች ቆመችበት። «አንተ ልጅ፣ መብላትስ ሥራ አይደለም?»

ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«እሱ ገና አልተጠናም» አለና፣ ሊያጠናው እጁን ታጠበ።