አክስቴን የያዛት ላሓጽ

እኛ ሰዎች ሆዳችንን በድለነዋል። ስናዝን የሚባባው እሱ፣ ስንቀየም የሚብሰው እሱ፤ ምስጢር ሲነገረን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እሱ ላይ እንጥላለን፤ ታጋሹን ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋውን ሆደ ባሻ እንላለን። ይህን ሁሉ ጓዝ ካሸከምነው በኋላ ደግሞ እንጀራ እንጨምርበታለን። እናንተ ሆድ ብትሆኑ አትታመሙም? አገር ቤት ሳለን ነገሩ ብዙ አያስቸግርም ነበር። አንድ ሰው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ካለ፣ ሰሚው ወይ ክፉ ወሬ እንደፈራ ወይ ሰው እንደናፈቀ ያውቅለታል። ችግሩ የመጣው ሆዳችንን ይዘን ሰው አገር ከገባን በኋላ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር ባለው ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ነበርን። ያሳደገችኝ የአባቴ እህት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አክስቴ አበቡ ናት፤ ከባሏ ከአያ ፈንታ ጋር። በሱዳን በኩል ስንወጣ ታናሽ እህቷ ትጓደድ አራስ ስለነበረች እዚያው ቀረች። «ልጁ ጠንከር ሲል ትከተለናለች» ተባለ። ልጁ ጠነከረ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ጢም ሊያወጣ ደረሰ፤ ትጓደድ ግን አልመጣችም። እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን፤ የባሏ አያቶች ግን ወደ ክርስትና ገብተው ነበርና ጉዳይዋ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ኖረ። ጎንደር ሆና ትጠብቃለች፤ አክስቴም ጊቫት ኦልጋ ሆና ትጠብቃለች።

መቼም ስልኩ ይቆረጣል፣ ደብዳቤውም ይዘገያል። ስለዚህ አክስቴ ወሬዋን የምትሰማው ከገዛ ሰውነቷ ነበር። የዓይኗ ቆብ ሲርገበገብ «ዓይኔ ሰው ሊያይ ነው» ትላለች። ውስጥ እግሯን ሲበላት መንገድ የተነሳ ሰው አለ። ስቅ ካላት ደግሞ «ትጓደድ አነሳችኝ» ብላ ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች። ውሃ ጠጪ ብትሏት አትጠጣም። እህቷ እያነሳቻት አፏ ላይ ውሃ መድፋት ነውር ነው።

አንድ ክረምት ግን ነገሩ ከወሬ አለፈ። በምትሠራበት ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ቆማ ስትመርጥ ልቧ ድንገት ድው ድው ይላል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከእግር ጣቷ እስከ ማጅራቷ ጉንዳን ይሄድባታል። ይህን ሁሉ የሚተረጉም ምልክት አጣች። ከባሕር ዛፉ ሥር አረፍ እንድትል ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ወዳለው ጫካ ብንወስዳት ጭራሽ ባሰባት፤ ቅጠሉ ሲሸታት ከትጓደድ ጋር ጭራሮ የለቀሙበት ቀን ትዝ ይላትና ትወራጫለች። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አያ ፈንታ ዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ከፊት ወንበር የተቀመጡ ሰው ስለነበሩ፣ ተርጓሚነቱን ለእኔ አልሰጡኝም።

ሐኪሙ በቅርቡ ከሩሲያ የመጣ ሰው ነው። የእሱ የሩሲያ ዕብራይስጥና የአያ ፈንታ የጎንደር ዕብራይስጥ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላም እንኳ የሚባባሉ አልነበሩም። ጉንዳኑ ላይ ብቻ ተግባቡ። እኛ ጉንዳን አልን፤ ዕብራይስጡም ለመደንዘዝ ጉንዳን ይላል፤ ሐኪሙም በእነሱ ቋንቋ ያው ጉንዳን እንደሆነ ደስ ብሎት ነገረን። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ማለቷ ግን ድንበር አልተሻገረም፤ ሆዷን ተጫነና ምን እንደበላች ጠየቃት። ደሟን መረመሩ፣ የልቧን ምት አዩ፣ ምንም አላገኙም። ሐኪሙ በአንድ ቃል ደመደመው። «ላሓጽ» አለ።

አያ ፈንታ ይህን ቃል ያውቁታል። የደም ግፊት በዕብራይስጥ «ላሓጽ ዳም» ይባላል፤ ግማሽ ሰፈር አለበት። «ግፊት ነው» ብለው አወጁ፤ ቤት እንደደረስንም ጨውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። በርበሬም ጨው አለበት ተብሎ ተከተለው። ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ይዞ ይመጣል። አክስቴ አልጫ እየቀመሰች፣ ነጭ ሽንኩርት እየዋጠች፣ ጉንዳኖቿን ተሸክማ ከረመች። ከሳች። እኛም አብረን ከሳን፤ ማን ለብቻው ጨው ይበላል?

ሁለተኛ ስንሄድ እኔም ገባሁ። ሐኪሙ ግፊቷን ለካና ይልቁንስ ዝቅ ብሏል አለ። ምን አከሳት ሲል ጨው መከልከሏን ነገርኩት። ማን ከለከላት ሲል አያ ፈንታ በትሕትና ወደ እሱ አመለከቱ። ሰውየው ግራ ተጋባ። ቆይቶ ሲገባው መሣሪያውን አስቀምጦ፣ ያለችውን ዕብራይስጥ ሁሉ አሟጦ፣ እሱ ያለው ላሓጽ ደም ውስጥ ያለው እንዳልሆነ አስረዳን፤ አንድ ጊዜ ግንባሩን፣ አንድ ጊዜ ደረቱን እየነካ።

«ጭንቀት ነው የሚለው» አልኳት።

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ጭንቀታም መባል እኛ ዘንድ እብድ ከመባል ብዙ አይርቅም። ሐኪሙን ቀና ብላ አየችው።

«ጭንቀት የለብኝም በለው። እህት ነው የሌለኝ።»

እንዳለችው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። ሐኪሙ እስኪርቢቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ለዚህ የሚያዝዘው መድኃኒት እንደሌለው ነገረንና በር ድረስ ሸኝቶ፣ ጨውዋን እንድንመልስላት አደራ አለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያንን ሰው እንደ ዘመድ ነበር የማየው።

ትጓደድ ፈቃድ ያገኘችው ከዚያ ወዲያ ብዙ ተጠብቆ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አክስቴ አላለቀሰችም። የእህቷን እጅ ይዛ፣ የሻከረውን መዳፍ እያገላበጠች፣ እኛ መኖራችንን ረሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗ አልተርገበገበም፣ እግሯን አልበላትም፣ ልቧም ቦታዋ ገባች። አያ ፈንታ ነጭ ሽንኩርቱ ነው አሉ።

ትጓደድ ጥቂት ከኛ ጋር ተቀምጣ ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ ቤት ተሰጣት። ፍቅራቸው ያስቀና ነበር፤ እስኪጣሉ ድረስ ማለቴ ነው። የተጣሉትም በእናታቸው ቤት ነው። አንዷ ከወንዙ በላይ ነበር ትላለች፣ ሌላዋ ከወንዙ በታች። ቤቱ ከፈረሰ ዘመን ቆጥሯል፤ መስካሪም አልቋል። ቢሆንም ተኳረፉ። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌውም ለሁለት ተከፈለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ጎመን ስትከትፍ ቢላዋዋን ጣል አድርጋ ጆሮዋን ያዘች። «ጮኸብኝ» አለች። አያ ፈንታ ደንግጠው ጫማቸውን ፈለጉ፤ ደግሞ ሊሄዱ ነው ወደ ሐኪሙ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ በረንዳው ወጣች።

«አንቺ ትጓደድ፣ ስሜን ተይ።»

ትጓደድ ማዶ በረንዳ ላይ ከጎረቤት ጋር ቆማ ልብስ ታሰጣለች። ዞር ሳትል መለሰች።

«ማን አነሳሽ። ስለ እናታችን ቤት ነው የማወራው።»

አክስቴ ተመልሳ ገባች። ሰው ያማት አትመስልም፤ የተመረቀች ነበር የምትመስለው። ቢላዋዋን አንስታ ወደ እኔ አየች።

«ሰማህ?» አለችኝ። «ብትናገር እዚህ ድረስ ይሰማል።»